ማን አቁሚ አለሽ?

ውድ እትዬ፣

ስልክ ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። እማዬ ዛሬ ጠዋት ደውላ «እህትሽ አርግዛለች» አለችኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት «የግፊት መድኃኒቷንም ለልጁ ብላ ትታዋለች» ብላ ጨመረችልኝ። እልልታውን ትቼ ደጋግሜ ደወልኩልሽ።

ኧረ ለመሆኑ ማን አቁሚ አለሽ? ሐኪም ነው? አይደለም። ያቺው ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤትሽ ናት፣ አይደል? እሷ የማታውቀው ነገር የለም። የእኔንም ያወቀችልሽ እሷ ነበረች።

ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ ዛሬ ግን ይውጣልኝ። ልጆች ሆነን እማዬ ሥራ ስለምትውል የሚጥል በሽታ መድኃኒቴን የምትሰጪኝ አንቺ ነበርሽ። ክኒኑን በመዳፍሽ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ እኔ ሳላይ እውጣለሁ። ስወልድ ልታርሺኝ መጣሽና ያው ልማዳችን ቀጠለ። አንቺ ስትሰጪኝ ምን ብዬ አያለሁ?

ለካ ቫይታሚን ኖሯል የምትሰጪኝ! ያቺ ሴትዮ «ክኒን በጡት ወደ ልጅ ያልፋል» ስላለችሽ ቀየርሽው። ሐኪሜ እኮ ገና ሳላረግዝ መድኃኒቱን አስተካክሎልኝ፣ «እያጠባሽም ውሰጂው፤ በራስሽ ግን እንዳታቆሚ» ብሎኝ ነበር። ነግሬሽ ነበር እኮ! «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ሹራብሽን መሥራት ቀጠልሽ።

ሶፋው ላይ ሆኜ ልጄን ሳጠባ በሽታው ጣለኝ። ስነቃ ምላሴ ቆስሏል፤ ልጄ ምንጣፉ ላይ ሆና ታለቅሳለች፤ አንቺ ራስሽን ይዘሽ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትያለሽ። ልጄን ምንም አልነካትም፣ ተመስገን። ባሌ ግን እስከ ዛሬ ልጄን ታቅፌ ብቻዬን ስቀር ልቡ አያርፍም። ሰበብ ፈልጎ ይመለሳል። ቁልፍ ረሳሁ ይላል፣ ውሃ ጠማኝ ይላል። ከገዛ ልጄ ጋር ሆኜ ስጠበቅ ምን እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ? አንቺ ግን ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ወጣሽ፣ በቃ።

ስለምትወጂኝ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። የሚያበግነኝም እሱ ነው። ብትጠዪኝ ኖሮ ተጣልቼሽ ባረፍኩ።

አሁን ደግሞ በራስሽ ጀመርሽ! ምናልባት ያ ክኒን ለነፍሰ ጡር አይሆን ይሆናል። እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ ጎረቤትሽም አታውቅም። ካልሆነ ሐኪሙ የሚሆነውን ይቀይርልሻል። ማስቀየር ሌላ፣ ዝም ብሎ መተው ሌላ! ለልጁ ብለሽ ነው? ልጁ የት ነው ያለው ታዲያ? አንቺ ውስጥ አይደል እንዴ? አንቺ ከወደቅሽ እሱ ማን ላይ ሊቆም ነው?

እማዬን «ትንሽ ራሴን አሞኝ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል እንጂ ደህና ነኝ» ብለሻታል። እሷ አመነችሽ። እኔ ሆስፒታል ደወልኩ። ነርሷ ገና ሳልጨርስ «አሁኑኑ ይዘሻት ነይ፤ ነገ እንዳትዪ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም፣ እትዬ።

ይህን ወረቀት የሰጠሽ ባሌ ነው። ዓይኑን ማየት እንደምታፍሪ አውቃለሁ። እፈሪ፣ ግን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለሽ እፈሪ። እንዲቆጣሽ አልላክሁትም፤ «ሳትይዛት እንዳትመለስ» ብዬ ነው የላክሁት። ቤት ያለሽን ክኒን ሁሉ ከነካርቶኑ ያዢ። እኔ ልጄን ይዤ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ስንገናኝ እጮህብሻለሁ፣ ከአሁኑ እወቂው።

ልጄ አክስት ነው የምትፈልገው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአክስት ፎቶ አይደለም። ጫማሽን አድርጊና ውጪ።

እንደተናደድሽብኝም ብትመጪ ግድ የሌላት፣
ታናሽሽ