ሱድ ኤክስፕረስ የወሰደው ኩባያ

ለውድ እናቴ ለፌሊዝሚና፤

ከባድ ዜና አለኝና መጀመሪያ ተቀመጪ። ደብዳቤ አንባቢሽ በልሚሮም ጉሮሮውን ጠርጎ ያንብብልሽ። በአንቺና በሱድ ኤክስፕረስ ባቡር መካከል አርባ አምስት ዓመት የቆየው ጦርነት ባለፈው ሐሙስ አብቅቷል። ከጠላት ምርኮ ይዘናል፤ ከእኛ ወገን ለጊዜው የጠፋው አንድ ሻንጣ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ከውርጩ ጋር ታረቀ? ፍየሏስ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ፤ ከሳቅ በቀር ያመመኝ የለም።

ለእህቴ ለኢዳሊና ልጅ ክርስትና ወደ ፈረንሳይ ነይ ብዬ ስለምንሽ፣ «ኩባያዬን ሳይመልስ እዚያ ሌባ ባቡር ላይ እግሬን አላሳርፍም» አልሽኝ። እህቴ አለቀሰች፤ ቄሱም ቀን መለወጥ ሰለቻቸው። እኔ ግን ቂምሽን ከጡትሽ ጋር ነው የጠባሁት።

ያ ባቡር ሲፈጠር ለእኛ እንዳልነበረ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ፤ ከትምህርት ቤትማ አራተኛ ክፍል ላይ ተኳርፈን ተለያይተናል። በ1887 ከሊዝበን እስከ ፓሪስ መሳፍንቱን በመጋረጃ ጋርዶ ይከንፍ ጀመር። ጦርነት ሲመጣ ቆመ፣ ሲያልፍ ተነሳ። ዛሬ መስፍኑ ይንፈላሰስበት በነበረው ቦታ ጎረቤታችን አዴሪቶ የሽንኩርት ጆንያ ተንተርሶ ያንኮራፋል። ይህም አንድ በቀል ነበር፤ አንቺን ግን አላጠገበሽም።

እንዴትስ ያጥግብሽ? በአሥራ ሁለት ዓመትሽ በስፔን ድንበር ቪላር ፎርሞዞ ጣቢያ ውኃ ስትሸጪ፣ ያ ባለ ሪዝ ጌታ የእናትሽን የሸክላ ኩባያ በመስኮት ተቀብሎ እያጣጣመ ጠጣ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ «አይዞሽ ልጄ፣ በመልሴ እሰጥሻለሁ» ብሎ ባርኔጣውን አነሳልሽ። በማግስቱ ቆመሽ ጠበቅሽው፤ በሳልስቱም። ቤት የተቀበለሽ የእናትሽ መጥረጊያ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሐሙስ ዕለት ተሰናብቼሽ ጓርዳ ጣቢያ ከአዴሪቶ ጋር ተሳፈርኩ። ቪላር ፎርሞዞ ላይ ለፓስፖርት ስንቆም ወረድኩና በምግብ ቤቱ ፉርጎ መስኮት ሥር ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ውኃ!» አልኩ። አስተናጋጁ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ነጭ ኩባያ እያቀበለኝ፣ «ቶሎ ጨልጠህ መልስ፣ ሊነሳ ነው!» አለኝ። እኔ ትንሿን ጣቴን ቀስሬ እንደ መስፍን ተጎነጨሁ። ባቡሩ መንሸራተት ሲጀምር ባርኔጣዬን አነሳሁና፣ «አይዞህ ጋሼ፣ በመልስህ እሰጥሃለሁ!» አልኩት።

«አንተ ወሮበላ! መልስ!» እያለ በመስኮቱ እስከ ወገቡ ወጣ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠና በሳቅ እየተንፈቀፈቀ፣ «ኧረ አንተ ቂል፣ ያንተም ባቡር እኮ ነው!» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ እማዬ። አርባ አምስት ዓመት በታሰበበት በቀል ውስጥ ተመልሶ መሳፈሩን ያሰበ አልነበረም። ሻንጣዬ፣ በውስጡም ዓይንሽ እስኪደክም የሰፋሽው የክርስትና ቀሚስ፣ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። እኔ ኩባያ ይዤ በአንቺው ቦታ ቆሜ ቀረሁ። ቦታው ይበርዳል፤ ይህን አልነገርሽኝም ነበር።

ደግነቱ በፈረንሳይ ድንበር ሄንዳይ ላይ፣ የሐዲዱ ስፋት ተለውጦ ተሳፋሪው ሁሉ ባቡር ሲቀይር፣ አዴሪቶ ሻንጣዬን ከራሱ ሦስት ጋር እንደ በቅሎ ተጭኖ ለኢዳሊና አደረሰላት። «ያ እብድ ወንድምሽ ኩባያ አግብቶ ቀረ» ብሎ ነው አሉ የነገራት። ቀሚሱ ቋሊማ ቋሊማ ከመሽተቱ በቀር ደህና ነው። እኔም በማግስቱ ባቡር ደረስኩ።

ምርኮውን በካልሲዬ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ካልሲው ታጥቧል። ከእንግዲህ ማመካኛ የለሽም። ስምሽን የተሸከመችው ሕፃን ያለ ክርስትና አንቺን እየጠበቀች ነው፤ ለገና ነይ።

በልሚሮን ሰላም በይልኝ፤ ሲያነብ ዘሎት ያለፈው መስመር ካለ ድገም በይው። አክስቴ ኤርሜሊንዳን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ጢሟ ቢወጋሽም ቻይው። ውሻችን ፒራታንም ጆሮውን እከኪልኝ።

ለነገሩ፣ ጦርነት ያልኩት ሁሉ ሲጠቀለል አንድ ኩባያ ውኃ ነው፤ ትንሽ ነገር ነበር። ብቻ ስትመጪ፣ ጣቢያ ላይ ውኃ የሚለምንሽ ወጣት ካለ ኩባያሽን በመስኮት እንዳታቀብዪ።

ልጅሽ ዜፌሪኖ
ሻምፒኚ፣ ፓሪስ አጠገብ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1975