የሊቀ መንበሩ ተርቦ

ናዝሬት፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬስ ድንቁርናን በዓይኔ በብረቱ አየሁት። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሞጆ ላይ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ ተርቦ፣ ለሞተር አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ፣ ተሸክሞ እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። ለዚያች ለትንሿ አሮጌ መኪናው ለሴይቼንቶ እንድገጥምለት! መኪናዋ ሦስት ባለቤት የቀበረች ናት። የፒስተን ፋሻዋ አልቆ ከቤንዚን እኩል ዘይት ትጠጣለች፤ ስትነሳ ጭሷ ሰፈሩን ያለብሰዋል። ተርቦው ደግሞ ሞተሯን ሊያክል ምንም አልቀረው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህቺ ሞተር አየር በግድ ቢነፋባት ትፈነዳለች» አልኩት።

«አንተ ሁልጊዜ አይቻልም ነው የምትለው። ይሄ አስተሳሰብህ ይታረም!»

ይታረም ሲል ሰውን የት እንደሚልክ አውቃለሁ። ተርቦውን በሁለት ቡሎን ከኮፈኑ ሥር አሰርኩት። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው አንድም ቱቦ የለም። እንዲሁ ጌጥ ነው።

እስከ ወለንጪቲ ነድቷት ተመለሰ። ፊቱ በርቷል። «ሚግ ሆነችልኝ እኮ! የደብረ ዘይቶቹ ጄቶችም አይደርሱባትም!» አለ። ሳቄን ለመደበቅ እጄን በጨርቅ የምጠርግ መሰልኩ። ደንቆሮ!

ሊወጣ ሲል ዞር አለና፣ «ይሄ የሰፊው ሕዝብ ፈጠራ ነው። እሁድ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ታስረዳለህ» አለኝ።

ከሰዓት ጀምሮ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ስንቀው የዋልኩት ሰውዬ ቢያንስ የሚናገረውን ያምናል። እኔ ግን ከምንም ያልተገናኘ ተርቦ እንዴት ጉልበት እንደሚሰጥ ሁለት ገጽ ሞልቻለሁ።