ሦስተኛ ፊርማ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የክትባት ቀን ነበር። እናቶች ከጠዋት ጀምሮ የጤና ጣቢያውን ኮሪደር ሞልተውት… አርባ ሁለት ሕፃን ወጋሁ። አርባ ሁለቱም አለቀሱብኝ። ድሮ ቢሆን ማታ ለልጄ ለቤቲ እያጋነንኩ አወራላት ነበር። አሁን ለማን?

ከባሌ ከማቲዎስ ቤት ከወጣሁ ሦስት ሳምንት። "የማቲዎስ ቤት" ብዬ ጻፍኩት እኮ! ብድሩ የሚቆረጠው ከኔ ደመወዝ፣ ቤቱ የሱ። ልጄንም ሆመቾ ከተማ እናቱ ጋ ወስዶ አስቀመጣት። ስደውል ማንም አያነሳም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናትሽ ጥላሽ ሄደች እያሉ እየነገሯት ይሆናል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንዲት ጠበቃ። ሩት ትባላለች፣ የዱራሜ ልጅ ናት፣ ገና ልጅ እግር። ስለ ፍቺውም ስለ ቤቲም ነገርኳት። ስለ ዱላው ስደርስ ጠረጴዛውን እያየሁ ተናገርኩ። ሌላውን ሰው ስንት ጊዜ አክሜ…

"ደመወዝተኛ ነዎት?"

"ነኝ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የመንግሥት በጀት ነው፣ ጠበቃ መክፈል ለማይችል ብቻ ነው አለች። ደመወዜ በብድርና በቤት ኪራይ እንደሚያልቅ ብነግራት፣ "እኔ አምንዎታለሁ፤ መመሪያው ግን ወረቀት ይፈልጋል።" ከቀበሌ ደብዳቤ። ለደብዳቤው የሦስት ጎረቤት ፊርማ… መክፈል እንደማልችል፣ ለምን ከቤት እንደወጣሁም የሚመሰክሩ። የዓመቱ በጀት እያለቀ ስለሆነ እስከ ሰኔ 6 ካላመጣሁ አዲስ መዝገብ የሚከፈተው ሐምሌ ላይ ነው። ችሎቴ ደግሞ ሰኔ 20! ማቲዎስ ጠበቃ ይዟል አሉ። እኔ ብቻዬን ቆሜ ልጄን ከሱ ላስመልስ?

ሦስት ሰው። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ሦስት ሰው አጣለሁ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ነኢማ ሱቋ ውስጥ ቆማ ፈረመችልኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። "ግድግዳችን አንድ አይደል? ወላሂ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ ስንቴ ሬዲዮ ከፍ አድርጌያለሁ" አለች። ትሰማ ነበር ለካ! እኔ ደግሞ በየጠዋቱ "እንዴት አደርሽ?" ስትለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነን" እያልኩ… መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ልብስ ሰፊው አቶ ተክለጊዮርጊስም ፈረሙ። መነጽራቸውን ፈልገው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። "ልጄ፣ ያኔ ነበር መምጣት" ብቻ አሉኝ።

አንድ ቀረኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

አየለችን ከቅዳሴ በኋላ አገኘኋት። የቤቲ የክርስትና እናት ናት፣ የልብ ጓደኛዬ። እሷን ሳልጠይቅ የቆየሁት እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

"ማቲዎስ እኮ የእድራችን ጸሐፊ ነው… ነገ ሐዘን አለ፣ ደስታ አለ። ሽማግሌ ይላክና ተመለሺ፣ ሰሎሜዬ። ቻል አድርጊው።"

ቻል አድርጊው! የኔው ቃል። በስንቱ ቤት ዞሬ ያልኩት ነው፣ በዚሁ ለስላሳ ድምፅ፣ እጅ ይዤ። ለካ እንዲህ ነው ሲሉት የሚሰማው።

ወደ ቤት ስሄድ አብሮኝ የወረደ ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ስወጣ ከልብሴ ጋር የመጣውን የቤቲን ሹራብ አጠብኩት። ንጹሕ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 1

አራት ቤት ሄድኩ። አንዷ ባሌን ላማክር አለች። ሌላዋ እያየኋት በሯን ዘጋች።

ሰብሌ አለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሟ አእምሮዬ ውስጥ አለ፤ ልጽፈው ግን አልፈለግሁም። የዛሬ ሁለት ዓመት እጇ ተሰብሮ ጤና ጣቢያ መጣች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ነበር። "ሲስተር፣ ትዳራችን ይፈርሳል" አለኝ። እኔም ካርዷ ላይ "ከደረጃ ወድቃ" ብዬ ጻፍኩ። የሰብሌ ቤት ደረጃ የለውም። ያንንም አውቅ ነበር። በሳምንቱ ከማኅበር ሴቶች ጋር ሆኜ ከእናቷ ቤት አምጥቼ ለሱ መለስኳት። ተመስግኜ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ሄድኩ። ነገ የመጨረሻው ቀን ባይሆን አልሄድም ነበር።

ጓሮ ቆጮ እየከተፈች አገኘኋት። ተቀመጪም አላለችኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ እንደምንም ተናገርኩ። ቢላዋዋን ሳታቆም በሀዲይሳ ቋንቋ መለሰችልኝ፣ "ምን ብዬ ልፈርም? ከደረጃ ወደቀች ብዬ?"

"ይቅር በይኝ" አልኳት። "እሱን ተይው" አለችኝ። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ፈረመች። ያ የተሰበረው እጇ እስክሪብቶ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። አጥንቱ በደንብ አልገጠመም።

"የፈረምኩት ለልጅሽ ነው። ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። ለኔ አንድ ሰው እንኳ አልነበረኝም።"

መንገድ ላይ አለቀስኩ… ሰው እያየኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ቀበሌ ማኅተም ለማስመታት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሥር ሰዓት ላይ ለሩት ሰጠኋት። መዝገቤ ተከፈተ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ችሎት ውስጥ በማቲዎስ በኩል ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ነበር፣ ግማሹ የእድር ሰው። አየለችም እዚያ ናት። በኔ በኩል ሩትና ቦርሳዋ። ግን ስትናገር! ረጋ ብላ፣ አንድ በአንድ… የሱን ጠበቃ ዳኛዋ ሁለቴ አቋረጡት። ዳኛዋ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ቤቲ ከኔ ጋር ትቆይ አሉ። ማቲዎስ ነገ ያመጣታል። ነገ!

ስወጣ ሰብሌ በር ላይ ቆማለች። ሰላም አላለችኝም።

"ቢሮው አሁንም ክፍት ነው?"

"አዲስ መዝገብ የሚቀበሉት ሐምሌ ላይ ነው።"

"እጠብቃለሁ። ምስክር ሦስት ነው፣ አይደል?"

"ሦስት።"

"አንዷ አንቺ ነሽ። ካርዴ ላይ የጻፍሽውንም ትናገሪያለሽ።"

ሥራዬ ታየኝ። ሐሰት ጽፈሻል ብለው ቢያባርሩኝስ? ቤቲን በምን ላሳድጋት ነው? ፈራሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው። "እናገራለሁ" አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ሄደች።

እስከ ሐምሌ ሐሳቤን እንዳልቀይር እዚህ ልጻፈው። ሰብሌ ከደረጃ አልወደቀችም። እጇን የሰበራት ባሏ ነው። ስብራቱን አይቻለሁ፣ አውቄ ዋሽቻለሁ።

ነርስ ሰሎሜ። ፊርማ።