አምስት ቀን ያልተፈታ ፋሻ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ አይደለም፤ የምናዘዝልህ ነገር አለኝ።

ከማንኪራ ወጥተን ቦንጋ ቤት ተከራይተናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የምንሠራው የቁስል መሸፈኛ ነው፤ ናኖ ከሚሉት፣ በዓይን ከማይታይ ቀጭን ክር። ብታየው የሸረሪት ድር ይመስልሃል፤ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ክሩ ጀርም የሚገድል የብር ብናኝ አለው፤ ከቁስሉም አይጣበቅም። ብቻ እስከ አምስተኛው ቀን መነካት የለበትም።

ባለፈው ወር የፈላ ውሃ እማዬን እግሯን አቃጠላት። ስኳር እንዳለባት ታውቃለህ፤ ሐኪሙ ቁስሉ ካልዳነ እግሯ ሊቆረጥ እንደሚችል ሳይደብቅ ነገረን። መሸፈኛችን በፈቃደኛ ሕሙማን ላይ እየተሞከረ ስለነበር እሷም ፈርማ ገባች።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። የእኛን አገር ጠያቂ ታውቀዋለህ፤ ቁስሉን ካላየ የጠየቀ አይመስለውም። እህትህ እትዬ አስካለ ከሺሺንዳ ድረስ መጥተው «እስቲ ልየው» ሲሉ፣ አይፈታም አልኳቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ብለው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

በአራተኛው ቀን ግን እማዬ ራሷ ለመነችኝ። አሳከከኝ፣ ሞቀኝ፣ ፍቺልኝ አለች። እምቢ ስላት፣ ክፉ አስባ ሳይሆን፣ «የአባትሽን እኮ በየማለዳው ትፈቺለት ነበር» አለችኝ።

እጄ ፋሻው ጫፍ ላይ ነበር። ብፈታው ለጋው ቆዳ ሊቀደድ ነው፤ ባልፈታውና ከሥር እየመገለ ቢሆንስ? ትቻት ወደ ደጅ ወጣሁ።

አባዬ፣ ገጀራ ቅልጥምህን የመታህ ጊዜ የደረቀውን ፋሻ እየሳብኩ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ጠያቂ እንዲያይ፣ ደግሞም ንጹሕ እንዲሆን ብዬ። አንተ አልጋውን ጨብጠህ «ጎበዝ ልጄ» ትለኝ ነበር። ከፋሻው ጋር ተላጦ የሚመጣው ቀይ ነገር በሽታው መስሎኝ ነበር። ለካ መዳን የጀመረው ሥጋህ ነው። የገደለህ መመረዝ ቁስልህ ውስጥ የገባው በየትኛው ማለዳ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

በአምስተኛው ቀን ነርሷ ፈታችው። ቁስሉ ከዳር ከዳሩ አዲስ ቆዳ መያዝ ጀምሯል። እማዬ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ፤ ሁሉም የደስታ መሰላቸው።

መሸፈኛውን ለሚወስድ ቤተሰብ ለምን እንደማይፈታ የማስረዳው እኔ ነኝ። እስካሁን ከወረቀት ላይ አነብላቸው ነበር። ከእንግዲህ ወረቀቱን አስቀምጬ፣ በአባቴ ላይ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ የማስብህ እንዲህ ነው። ይቅር በለኝ።

ልጅህ