ሳይጠጡ ሰካራም የተባሉት የአቶ ፀሐዩ ኪራኮስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፀሐዩ ኪራኮስ ከአባታቸው ከግራዝማች ኪራኮስ አየለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓባይነሽ ደምሴ በ1938 ዓ.ም. በደብረ ሲና ተወለዱ። ደብረ ብርሃን ተምረው በ1957 ዓ.ም. በጦር ሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ገቡ፤ አሥራ አምስት ዓመት አገልግለውም በሱዳን በኩል ተሰደዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ዋሽንግተን ደረሱ። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።

በ1984 ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከወይዘሮ የምስራች በፈቃዱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሮሆቦትንና ሚናስን ወለዱ፤ ኑሯቸውንም እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ አደረጉ። ለዓመታት ፓርኪንግ ከሠሩ በኋላ በ1991 ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ባለ ጣሪያ የተኩስ መለማመጃ ተቀጠሩ።

ሥራቸው ከሽጉጥ የተተፋውን ባዶ ቀለሃ ጠርጎ መሰብሰብ፣ በየመጠኑ መለየት፣ በደቀቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ በሚሽከረከር በርሜል ማጽዳትና እንደገና ባሩድ ለሚሞሉት ሰዎች ማዘጋጀት ነበር። እፍኝ ሙሉ አንሥተው ሲያንቃጭሉት የተሰነጠቀችው አንዲት ቀለሃ በድምፅዋ ትለይባቸዋለች። ይህን ሙያ ያዩ ተኳሾች ባርኔጣቸውን ያነሡላቸው ነበር።

ከተኩሱና ከቀለሃው የሚነሣው አቧራ ግን እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ነበረበት። የአየር ማውጫው ተበላሽቶ ሁለት ዓመት ሲቆም አሠሪው “በሚቀጥለው ወር ይሠራል” ከማለት አልቦዘነም። እስከዚያው ወተት ጠጣ ብሎ መከራቸው፤ ወተት አቧራ ያጥባል አለ! ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴና ፍልሰታ ለሚጾም ሰው! በጾም ቀን አቧራውን ብቻ ዋጡ።

በ1995 እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ የሰው ስም ይጠፋባቸው ነበር። ሐኪም ሳይሆን መመርመር የሚቀናው ወገናችን ወዲያው “ፀሐዩ ጠጪ ሆነ” አለ። በሚካኤል ማኅበር ጽዋው ከእጃቸው ሲፈስ “ዛሬ ደግሞ ከየት ቀምሶ መጣ?” ያላችሁ ሰዎች አሁን እዚሁ ፊት ለፊት ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ተቀምጣችኋል።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ አሌክሳንድሪያ ድረስ መጡ። “ልጄ፣ መጠጡን ተውና ልጆችህን አሳድግ” አሏቸው። ከማኅበር ጽዋ በቀር መጠጥ በአፋቸው ዞሮ ለማያውቅ ሰው! ወይዘሮ የምስራች “ኧረ እግዜርን ፍሩ፣ አባቶቼ! በሉ ቤቴን ፈትሹና አንድ ጠርሙስ አሳዩኝ!” ብለው ተነሡ። አቶ ፀሐዩ ግን “ተይ የምስሬ፣ ሽማግሌ ባዶውን አይመለስም” ብለው መስቀሉን ተሳለሙና የማያውቁትን መጠጥ ሊተዉ ማሉ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ እጃቸው በተንቀጠቀጠ ቁጥር “መሐላውን አፈረሰ” ተባለ። ሚናስ ከሰንበት ትምህርት ቤት እያለቀሰ መጥቶ እውነት መሆኑን ጠየቃቸው። በዚያ ቀን ብቻ አለቀሱ። ሐኪም ዘንድ መሄድ የተወራውን ማመን መስሎ ስለታያቸው አሥራ አራት ወር ታግሠው ሠሩ።

በፌብሩዋሪ 1997 ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደቁ። ያነሣቻቸው ነርስነት የምትማር ፋና የምትባል ወጣት ናት። “ጋሼ፣ ሥራ ቦታ ምንድን ነው የሚነኩት?” አለቻቸው። ይህን አንድ ጥያቄ ሽማግሌም ቄስም ማኅበርተኛም አልጠየቃቸውም ነበር። በዚያው ቀን ኢመርጀንሲ ወሰደቻቸው። በደማቸው ውስጥ ለአዋቂ ከሚያሰጋው ልክ ሦስት እጥፍ እርሳስ ተገኘ፤ አልኮል ጠብታ አልተገኘም። ኩላሊታቸው ግን አልቆ ነበር። ሐኪሙ ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ ይድኑ እንደነበር ለቤተሰቡ ተናግሯል።

አልጋ ላይ ሆነው አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉ፤ “ልጆቼ ሰካራም አባት ቀበርን እንዳይሉ።” ኤፕሪል 9 ቀን 1997 በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። አሠሪያቸው አበባ ልኮ ነበር፤ ቤተሰቡ መልሶታል።

የደም ምርመራው ውጤት በወይዘሮ የምስራች ፈቃድ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። አፈር ከመጣላችሁ በፊት አንብቡት። ይቅርታ የምትጠይቁም ካላችሁ ወደ እኛ ወደ ትልልቆቹ አትምጡ፤ ሮሆቦትና ሚናስ የፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። እውነቱን በአፋችሁ ለእነሱ ንገሩ።

የተሰወረውን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ፤ ለእኛም ከመፍረዳችን በፊት የምንጠይቅበት አንደበት ይስጠን።