ከጥዱ ሥር ያደረ ወረቀት

እንደ ዐይኔ ብሌን ለምሳሳልሽ እህቴ ለወይዘሮ ብርቅነሽ፤

ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ውጋት ቀለል አለልሽ ወይ? የባለቤትሽ የመስፍን ሳልስ ከደረቱ ለቀቀው ወይ? እኔና ባለቤቴ ኣልማዝ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከእርጅና በቀር ሌላ ሕመም የለብንም።

«ባንዲራው ከተለወጠ ወዲህ ጓደኞችህ ሁሉ ወጥተዋል፤ አንተም ግባ፤ በሰው አገር ለዛፍ ስትሟገት አትሙት» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል፤ አልመጣም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአስመራ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የዚህን ከተማ ሰው ደም ስመረምር የኖርሁ ሰው፣ ዛሬ ዛፎቹ ሲታመሙ ሻንጣዬን ብሸክፍ፣ በምን ዐይኔ ሰው አያለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በጸጸራት ባለችው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ከቆሙት አርባ ጥዶች ዘጠኙ ከጫፋቸው ቀልተው ደረቁ፤ ከቅርፊታቸው ሥርም ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ጥንዚዛ ጎሬዋን ቆፍራ ተገኘች፤ የሰበካው ጉባኤም ሳይዛመት አርባዎቹም ይቆረጡ ብሎ ወሰነ። እኔ ግን በጡረታ ስወጣ በተሸለምሁት አሮጌ ማይክሮስኮፕ የጥንዚዛዋን አንጀት ከፍቼ ብመለከት፣ ባክቴሪያ እንደ ገበያ ሰው ሲርመሰመስ አየሁ፤ የጥድ ሙጫ ባቀርብለትም፣ ለሌላው መርዝ የሆነው ለእርሱ ቀለብ ሆነለት። ዛፉ ጠላቱን በሙጫው ሊያሰጥም ሲታገል፣ ጥንዚዛዋ በሆዷ ይዛው የመጣችው ሎሌ መርዙን ያከሽፍላታል ማለት ነው፤ ጥንዚዛዎቹ ጥቂት ሆነው ቢመጡ ዛፉ ይችላቸዋል፣ እልፍ ሆነው ሲመጡ ግን ይረታል። እልፉስ ከየት ተፈለፈለ ብዬ ብመረምር፣ ከራሴው ጥፋት ሆኖ አገኘሁት።

እንደምታውቂው የቤተ ክርስቲያን ዕንጨት ለማንም ምድጃ አይወጣም፤ አምና ነፋስ የጣላቸውን ሦስት ጥዶች ጉባኤው ላስወግድ ቢል፣ ከነቅርፊታቸው በወደቁበት ይረፉ ብዬ ተሟግቼ የረታሁ እኔ ነኝ፤ ጥንዚዛዋም በእኔ መንፈሳዊነት በዚያ ቅርፊት ሥር ተራባች። ይህንኑ በጉባኤው ፊት ተናዘዝሁ። ቄስ ገረዝጊሄርም «ኣያ ደጉ፣ ሰይጣንን ከሰው ስናስወጣ ኖረን በስተርጅናችን ከጥንዚዛ ሆድ ልናስወጣ ነው?» ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልተቀመጥሁም። የወደቁትና የደረቁት ቅርፊታቸው ተልጦ እዚያው በቅጥሩ ውስጥ ይቃጠል፣ ስንጣሪ እንኳ ከደጅ አይውጣ፣ ሠላሳ አንዱ ግን አይነኩ አልሁ። እስከ ፋሲካ ቀን ሰጡኝ፤ ከእነዚህ ባንዱ ሥር ጥንዚዛዋ ስትቦረቡር የምታራግፈው ዱቄት ከታየ፣ የመጀመሪያውን ምሳር የማሳርፈው እኔው ነኝ። ቅርፊቱን እኔና ኣልማዝ ልጠን አቃጥለን ጨርሰናል፤ መዳፏ ቆስሏል፣ አንድ ቀን ግን ይቅርብን አላለችኝም። አሁን ማታ ማታ ነጭ ወረቀት ከየጥዱ ሥር አነጥፋለሁ፤ ሲነጋም መነጽሬን ወልውዬ እመረምራለሁ።

ለመስፍን የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ልጅሽን ዮዲትን በርቺ በይልኝ፤ የትንሿን ልጇን የትዝታን ጉንጮች ሳሚልኝ። ኣልማዝ ሁላችሁንም እጅ ትነሣለች።

ይህን የጻፍሁበት ወረቀት ትናንት ከደረቁት ጎን ከቆመው ጥድ ሥር ተነጥፎ ያደረ ነው። ጥጉን ያጨማደደው ጤዛ ነው፤ ገልብጠሽ እዪው፣ ዱቄት የለበትም።

ወንድምሽ ደጉ
አስመራ፣ ጸጸራት፤ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.