የሻምበል ጥማት

ውድ ወንድሜ፣

ሻምበል በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት አንተን ስለማውቅህ ነው፤ ከቤት የተላከ ወረቀት ሲደርስህ ከመጨረሻው ነው የምትጀምረው። ይህን ግን በተራ አንብብልኝ። አንተን ሳልጠይቅ በውሻህ ላይ የወሰንኩት ነገር አለ፤ ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላወቅሁም።

ልጠይቅህ ሞክሬ ነበር። የምትሠራበት የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ፣ መካኒኩ ባሕር ላይ ስለሆነ ለአስቸኳይ ሕመም ካልሆነ በስተቀር እንደማያገናኝ ነገረኝ። አስቸኳይ ሕመም ነው አልኩት። የታማሚውን ዝምድና ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጅግ በጨዋነት «እግዜር ይማረው» አለኝ። ደብዳቤ ብጽፍ ግን የሚቀጥለው ወደብ ላይ እንደምታገኘው ቃል ገባልኝ።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነው። አንተ ስትሄድ ሻምበል ወደ ክፍልህ የሚወስደውን ደረጃ መሃል ላይ እያረፈ ነበር የሚወጣው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እንደ ቡችላ ይዘለው ጀመር። የራሱን ሳህን ልሶ ወደ እኛ ሳህን ይመጣል። እማዬ፣ «ሰውዬው ወጣትነቱ ተመለሰለት» አለች። እስካሁን በስሙ አትጠራውም፤ ማን ሾመው ባይ ናት።

ከዚያ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። እማዬ ተደብቃ ታበላዋለች ብዬ ጠረጠርኩ፤ እሷም እኔን ጠረጠረች። ሳንነጋገር ሁለታችንም ምግቡን ቀነስንበት። ቤታችን በአንድ ሐሳብ ሲስማማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ምስኪኑ ውሻ ግን በሁለት መንግሥት ማዕቀብ ሥር ወደቀ። የቆሻሻ ቅርጫት መገልበጥ ጀመረ። ውሃ ሲጠጣ ማቆሚያ የለውም፤ የጠጣውን ምንጣፉ ላይ ይለቀዋል፤ ሌሊቱን ሲያለከልክ ያድራል። እማዬ የውሃ ሳህኑን አንስታ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። እኔም አይቼ ዝም አልኩ፣ ዘዴ መስሎኝ። አንድ ቀን ከማተሚያ ቤት ሥራዬ ስመለስ የመታጠቢያ ቤቱን እርጥብ ወለል ሲልስ አገኘሁት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እማዬም ልትመሰክርበት አብራ መጣች።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። ደሙን መረመረች፣ ሆዱንና ወገቡን በራጅ አየች። ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ያለ ልክ እያመረቱ ነው አለችን። ረሃቡም፣ ጥማቱም፣ ሆዱም ከዚያ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሆርሞኑን የሚያወርድ ክኒን ግን አለ፣ ዕድሜ ልኩን የሚወሰድ። ልኩ ከበዛ ደግሞ ሆርሞኑ ጭራሽ ያልቅበትና ሊሞት ይችላል።

«እሺ እግሩስ በምን ዳነ?» አልኳት። ያንን ደስታ ለራሴ ላተርፍ ፈልጌ ነበር።

«አልዳነም» አለችኝ። «መገጣጠሚያው እንደድሮው የተበላ ነው። ሕመሙን የሸፈነለት ይኸው በሽታ ነው። በሽታውን ስናክም ሕመሙ ይመለሳል።»

አየህ፣ ስትሄድ በር ላይ ቆመህ «ብቻ እንዳይሰቃይ» ብለኸኝ ነበር። ያኔ ግልጽ ትእዛዝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። አሁን ግን ባክመውም ይሰቃያል፣ ባላክመውም ይሰቃያል፤ ምርጫ የተሰጠኝ በስቃዮቹ መካከል ነው። ሐኪሟ አስቡበት ብላ አሰናበተችን።

እኔ አላክመውም የሚለው ላይ ቆርጬ ነበር። አርጅቷል፣ እየሮጠ ነው፤ የቀረችውን ዕድሜ እየሮጠ ይጨርሳት። ለእማዬ ስለ እርጅና ክብር፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ሰው ልጅ ጣልቃ ገብነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላት። ራሴን ሳዳምጠው ጥሩ ነበር። እሷ ግን ሻምበልን ነበር የምታየው። የመለስንለትን የውሃ ሳህን ጨርሶ ባዶውን ይልሳል፤ ቀና ብሎ ያያታል፤ ተመልሶ ይልሳል።

«ኦፕራሲዮን የሆንኩ ጊዜ ውሃ ከልክለውኝ ነበር» አለች። «ቁስሉ እንዴት እንዳመመኝ ረስቼዋለሁ። ጥማቱን ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም። እኔስ ቢያንስ አጠጡኝ ብዬ ነርሷን እለማመጥ ነበር። ይሄ ሰውዬ ምን ብሎ ይለምን?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ደግሞ ሳህኑን ሰቀልኩበት» አለች።

ንግግሬን እንደ ወረቀት አጥፌ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ክኒኑን ጀመርን።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። አንድ ጠዋት ግን እማዬ ሥጋውን ብታቀርብለት ፊቱን አዞረ። «ዛሬስ ጨዋ ሆነ» አለች። እጇ ላይ የጠዋቱ ክኒን ነበር፤ በሥጋው ጠቅልላ ልትሰጠው። ሐኪሟ ደጋግማ ያስጠነቀቀችን ትዝ አለኝ፦ ምግብ እምቢ ካለ ክኒኑን እንዳትሰጡት፣ ይዛችሁት ኑ። እጇን ያዝኩት። ሻምበልን ላቆመው ብሞክር እግሩ እንደ ጨርቅ ታጠፈ።

ተሸክሜው ወጣሁ። የታክሲው ሾፌር ውሻ አልጭንም አለ። እማዬ በሩን ራሷ ከፍታ ገባችና፣ «ማን ውሻ አለህ፣ ሕመምተኛ ነው። ንዳ» አለችው። ፊቷን በመስታወት አይቶ ነዳ። መንገዱን ሁሉ መዳፏ ደረቱ ላይ ነበር፤ ትንፋሹ እንዳይቀር የምትጠብቅ ይመስል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ነክታው አታውቅም ነበር።

ጉሉኮስ ተሰቀለለት፣ መርፌ ተወጋ፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ልኩ ለሱ በዝቶበት ነበር። ሐኪሟ ክኒኑን አስቆመችው፤ ሲያገግም ባነሰ መጠን እንደገና መጀመርም፣ እስከነጭራሹ መተውም እንደሚቻል ነገረችን። በዚህ ጊዜ እማዬ ናት እምቢ ያለችው። «ገድለነው ነበር እኮ፤ በቃ ተይው» አለችኝ።

ተውነው። ጥማቱ ቀናት ሳይቆይ ተመለሰ፤ ባልዲ ቢቀርብለት ባልዲውን ይጨርሳል፣ ጨርሶም ባዶውን ይልሳል። ሁለተኛውን ውሳኔ ብቻዬን የወሰንኩት ያኔ ነው። በትንሹ መጠን እንደገና ጀመርኩለት። እማዬ ለጥቂት ቀናት አኮረፈችኝ፤ ክኒኑን ግን ከእሷ በቀር ማንም እንዲሰጠው አትፈቅድም።

አሁን ሳህኑ ውስጥ ውሃ ይተርፋል። እማዬ የተረፈውን ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች፤ ጎረቤቶቻችን አይተው ምን እንደሚሉ ግራ ይገባቸዋል። ማለክለኩ ቆሟል፣ ሳይነቃ ይተኛል። እግሩ ግን እንደተባለው ሆነ። የሕመም ማስታገሻው ከፊሉን ነው የሚያቀለው። ከደረጃው ሥር ይቆምና ወደ ክፍልህ አንጋጦ ያያል፤ ከዚያ ዞሮ እማዬ አልጋ ሥር ይተኛል። ይህን ያመጣሁበት እኔ ነኝ። አንዳንድ ጠዋት ሲነሳ ሲያቃስት እሰማውና፣ እየሮጠ ሳለ ቢሞት ይሻለው ነበር ይሆን እላለሁ። ውሃ ሲያስተርፍ ሳይ ደግሞ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። ስትመጣ እንደ ልማድህ ከበር ላይ አታፏጭለት። ካፏጨህ ይነሳል፤ ምን ያህል ቢያመውም ተነስቶ ይመጣልሃል። ዝም ብለህ ግባ፣ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥ። ልትቆጣኝም ከፈለግህ እዚያው ተቀምጠህ ተቆጣኝ፤ ቀስ ብለህ ብቻ፣ እንዳይነቃ።

በደህና ግባልን።

ያንተው እህት